የባለጥሩምባው ልጅና የዘበኛው ልጅ

የአምስተኛ «ለ» ልጆች እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አያውቁም። ሌላ ጊዜ መምህርቷ ጠመኔ ይዛ ወደ ሰሌዳው ስትዞር ከጀርባዋ ገበያ ይቆማል። የዚያን ሰኞ ጠዋት ግን አርባ ሦስቱም ዓይናቸውን ተክለው ያዩዋት ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ባለጥሩምባው ሕይወት ነው፤ ባለጥሩምባው ደግሞ የራሷ አባት ነበሩ።

በከተማዋ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ዜማቸው በሚኒባሱም፣ በፀጉር ቤቱም፣ በሠርጉም ይሰማል። ከሞቱ ሦስት ዓመት ቢሞላቸውም ሰው ስማቸውን ሲያነሣ «ናቸው» እንጂ «ነበሩ» ማለት አልለመደም። መምህርቷም ከሚያስቀው ጀመረችላቸው።

«አያቴ ሥጋ ሻጭ ነበሩ» አለች። «ልጃቸው ቢላ እንዲይዝላቸው እንጂ ጥሩምባ እንዲይዝ አልፈለጉም። አንድ ቀን የመጀመሪያ ጥሩምባውን ነጥቀው፣ አጥንት የሚከተክቱበት ግንድ ላይ አስተኝተው፣ በመጥረቢያ ለሁለት ከፈሉት። ልጁስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱን ቁራጭ በውኃ ጎማ አገናኝቶ በማግስቱ እዚያው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ነፋው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አያትዎስ፣ ቲቸር?»

«አያቴማ መጥረቢያውን ይዘው አባረሩት። ገበያተኛው ግን አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ቢላ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም።»

ከፊት ወንበር ክፍሉ «መርማሪዋ» የሚላት ልጅ እጇን አወጣች። ይህቺ ልጅ የጠየቀችው ነገር ሳይመለስላት ውኃ እንኳን አትጠጣም። «ቲቸር፣ መጽሐፋችን ‹በአርባ አንድ ዓመታቸው በሕመም ምክንያት መጫወት አቆሙ› ይላል። ምን ሕመም?»

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ቀን በቤታቸው በስሙ አይጠራም፤ «ያን ጊዜ» ብቻ ነው የሚባለው። ልጅቷን በውሸት ልትሸኛት ትችል ነበር። ነገር ግን ከመሳቢያዋ ውስጥ ከድሮ ጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ አለ። ማታ ከእናቷ ሣጥን አውጥታ፣ «አሳያቸዋለሁ፣ አላሳያቸውም» ስትል አድራ ነው ያመጣችው።

«ሕመም አልነበረም» አለች። «ዱላ ነው። ከሽመና ፋብሪካው የተባረሩ ሠራተኞች አደባባዩ ላይ ተሰብስበው ነበር። አባቴ ሊያጽናኗቸው ወጡና ተጫወቱላቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኞች ቆመጥ ይዘው ሲመጡ ሰዉ ሁሉ ሮጠ፣ አባቴ ግን ዜማው ሳያልቅ አልሮጥም አሉ። ጥሩምባው አፋቸው ላይ እንዳለ አንዱ ዘበኛ በቆመጡ መታው። ብረቱ ወደ ውስጥ ገባ። አራት የፊት ጥርሳቸው ረገፈ፤ ከንፈራቸው ለሁለት ተሰነጠቀ። ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ደግሞ ከንፈሩ ከሄደ ሁሉ ነገሩ ሄደ።»

መርማሪዋ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ግን ዝም አላሉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች አስተማሩ። አፋቸው እምቢ ቢል ጣታቸው ያሳይ ነበር። ዛሬ በሬዲዮ ጥሩምባ ስትሰሙ፣ የሚነፋው ወይ የሳቸው ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪያቸው ተማሪ።»

ፎቶውን ከፍ አድርጋ በወንበሮቹ መሃል ዞረች። ቆመጡን የሰነዘረው ዘበኛ ፊት ጎልቶ ይታያል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮዎቹ እንደ ሲኒ እጀታ የወጡ። መርማሪዋ አንገቷን አሰገገች።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ጥሩምባ ጠጋኙን አይመስልም? ጆሮውን እዩት!»

ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ ወደ በሩ ዞሩ። ጠጋኙ እዚያ ቆሟል። የተጠገነ ጥሩምባ በክንዱ ታቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ጠጋኙ የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚያድሰው ሰው ነው። ከስምንት ወር በፊት አንዲት የተጨራመተች ጥሩምባ ጠግኖ ሲመልስ ከአፏ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት ወጥታ ነበር፦ «ሦስተኛዋ ቁልፍ አልፎ አልፎ ትጣበቃለች። አይፍረዱባት፤ እኔም እርስዎ ጋ ስደርስ ምላሴ እንደዚሁ ነው።» መምህርቷ ብቻዋን ስቃ፣ መልሱን በሚቀጥለው የተበላሸ ጥሩምባ ውስጥ ከታ ላከች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ያለው ጥሩምባ ሁሉ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። «እርስዎ» «አንቺ» ሆነ፣ «አንቺ» «የኔ» ሆነ። ዛሬም ለልጆቹ እንዲጫወትላቸው የጠራችው እሷ ናት።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አለ ጠጋኙ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «አባቴ ናቸው።»

«ምን አልክ?»

«ቅዳሜ ሁሉንም ጽፌልሻለሁ። መልስሽን ብቻችንን ትሰጪኛለሽ ብዬ ነበር። ልጆች ፊት፣ በፎቶ ልትሰጪኝ ከመረጥሽ ግን… ይሁን። ይገባኛል።»

የደረሳት ደብዳቤ የለም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያውቅ ነበር። እያወቀ እጇን ይዟል። እያወቀ የአባቷን ዜማ በጆሮዋ አፏጭቷል።

«ስምንት ወር!» ብላ ጮኸች። «ስምንት ወር ሙሉ የአባቴን አፍ ባፈረሰ እጅ ያደገ ሰው…»

የእንጨት ማስመሪያው እንዴት እጇ እንደገባ አላወቀችም። ባለ በሌለ ኃይሏ ፊቱ ላይ አሳረፈችው። ጧ! አለ። ማስመሪያው ተሰበረ። ከላይኛው ከንፈሩ የፈነጠቀው ደም ነጭ ሸሚዙ ላይ ሦስት ቦታ ተንጠባጠበ። ሁለተኛ ሰነዘረች፤ በቀረው ስባሪ ጉንጩን ሰነጠቀችው። እሱ እጁን እንኳን ለመከላከል አላነሣም። ጥሩምባውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ።

መርማሪዋ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። መምህርቷ ስባሪውን እንደያዘች ቀረች። ያስፈራት ደሙ አልነበረም። ያስፈራት፣ ስትመታው ለአንዲት ቅጽበት ደስ ያላት መሆኑ ነው።

*

ርዕሰ መምህሩን «አሞኛል» ብላ አስፈቅዳ ቤቷ ስትደርስ እናቷን መተላለፊያው ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ወንድምሽ አብዷል» አሉ እናትየው። «ቅዳሜ አንድ የጥሩምባ ሣጥን መጣልሽ፤ እሱ ተቀበለ። ከፍቶ ወረቀት ሲያነብ አየሁት። ይኸው ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። አሁን ደግሞ ከጋራዡ መጥቶ፣ ያን የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ፣ ‹ሃያ ሁለት ዓመት ፈልጌ አገኘሁት› ብሎኝ ወጣ። ማንን ነው ያገኘው፣ ልጄ?»

መምህርቷ ወደ ወንድሟ ክፍል ሮጠች። ደብዳቤው አልጋው ላይ ነበር፤ በጡጫ ተጨብጦ፣ ተዘርግቶ፣ እንደገና የተጨበጠ። እናትየው ከኋላዋ ገብተው «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉ። በዚያ ቤት እናት አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው።

«‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል› ይላል» አለች። «‹አባቴ ግን ወግተውም አልረሱም። የዚያን ቀን አደባባዩ ባዶ ሲሆን የተጨፈለቀችውን ጥሩምባ አንሥተው ቤት አመጧት። በማግስቱ ሥራውን ለቀው ሰፈር ቀየሩ። እኔ የማን እንደሆነች ሳላውቅ ስምንት ዓመት ሆኖኝ በማንኪያ ጀርባ አቃናት ጀመር። ሙያዬን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያሳደገኝ የአባትሽ ጥሩምባ ነው።

‹ባለፈው ወር ስላንቺ ስነግራቸው ‘የማን ልጅ ናት?’ አሉኝ። ስነግራቸው አለቀሱ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። በሳምንቱ ስትሮክ መታቸው፣ ምላሳቸው ታሰረ። እኔም አንድ ወር ሙሉ ፈሪ ሆኜ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ላገባሽ እችል ነበር። ሳታውቂ ከምትወጂኝ ግን አውቀሽ ብትጠዪኝ ይሻለኛል፤ አለዚያ ሰርቄሽ መኖሬ ነው። ሰኞ ክፍልሽ እመጣለሁ። ዓይንሽን ካዞርሽብኝ መልሱ ገብቶኛል ማለት ነው።›»

እናትየው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፤ አልተራገሙም።

መምህርቷ ግን ከንፈሩን አሰበች። ዓይኗን ብቻ ባዞረችበት ኖሮ! እሷ ዓይኗን ሳይሆን እንጨት ነው ያዞረችበት። እውነቱን በገዛ እጁ ጽፎ የሰጣትን ሰው፣ እንደ ውሸታም ቆጥራ ደሙን አፈሰሰች። እንደዚያን ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

*

የጠጋኙ ሱቅ ሦስት መንገድ ማዶ ነው፤ ወንድሟን ለማስቆም ሮጠች። ጫማዋ አንዱ በመንገድ ቀረ፤ አላነሣችውም። ገና ሳትደርስ የነሐስ ኳኳታ ሰማች፤ ጥሩ ኳኳታ አልነበረም።

በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሏል። ጣሪያው ላይ ተሰቅለው የነበሩት ጥሩምባዎችና ትሮምቦኖች ተጨፍልቀው መሬት ላይ ተበትነዋል። ወንድሟ መሃል ላይ ቆሟል፤ በጋራዥ ቱታው፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ። ጠጋኙ በአራት እግሩ ሊነሣ ይሞክራል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ወንድሟ በጫማው ጎድኑን ሲለው ተመልሶ ወደቀ። የጎድኑ ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ።

«ተማታ እንጂ!» ይላል ወንድሟ። «አባትህ መማታት አላስተማረህም? ተማታ!»

«አልማታም» አለ ጠጋኙ ደም እየተፋ። «እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ። እሳቸውን ብቻ ተዋቸው።»

ወንድሟ በሱቁ ጀርባ የተዘረጋውን መጋረጃ የቀደደው ያን ጊዜ ነው። ከኋላው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተጋድመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግማሽ ፊታቸው የተንጋደደ። መምህርቷ ዕድሜዋን ሙሉ በህልሟ ያየችው ግዙፍ አውሬ ይህ ነው። ብርድ ልብሱ እንኳን የከበዳቸው ይመስላሉ።

«ተነሥ!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ። «ተነሥተህ ቁም! በእግርህ ቆመህ እይኝ!»

ሽማግሌው መቆም አልቻሉም። ነገር ግን የሚንቀሳቀሰውን ቀኝ እጃቸውን አወጡና የአልጋው ጠርዝ ላይ ዘረጉት፤ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው። ያ የመታው እጅ መሆኑን ለማንም መንገር አላስፈለገም። «በዚህ ነው፤ ይኸው» የሚሉ ይመስል፣ በአንድ ዓይናቸው ወንድሟን አዩት።

ብረቱ ወደ ላይ ወጣ።

ጠጋኙ ከወደቀበት እንዴት እንደዘለለ እግዜር ይወቀው። በአባቱ እጅ ላይ የራሱን እጅ ደረበ፣ ብረቱም ወረደ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ጠጋኙ የጮኸው ጩኸት የሰው አልመሰለም።

ብረቱ ሁለተኛ ሲነሣ መምህርቷ ተንጠለጠለችበት። ወንድሟ ማን እንደሆነች ሳያይ በክርኑ ወደ ኋላ ሲወረውራት አፏን መታት፤ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ብረቱን ግን አልለቀቀችም። የብረቱ ስለት መዳፏን ሰነጠቀው።

«ጋሼ! እኔ ነኝ! ጋሼ!»

«ልቀቂ! ዛሬ አባታችንን…»

«እኔም ዛሬ መታሁት!» ብላ ጮኸች፤ ደም ከአፏ እየወጣ። «ማስመሪያ እስኪሰበር መታሁት! አርባ ሦስት ልጆች ፊት! ደስ ይል ነበር፣ ጋሼ፣ ይገባሃል? ደስ አለኝ! የዚያን ቀን ዘበኛውንም እንደዚህ ደስ ብሎት ይሆናል ብዬ ነው ሮጬ የመጣሁት! ልጆቹን ስለ አባቴ ያስተማርኳቸው መስሎኝ፣ ዱላ ነው ያስተማርኳቸው!»

ወንድሟ አፏን አየ፣ የሷን ደም፣ በራሱ ክርን የፈሰሰውን። ጣቶቹ ተፍታቱ። ብረቱ ከሁለቱም እጅ ወደቀ።

«አንቺ አታውቂም» አለ፤ ያ ግንብ የሚያህል ሰው አንደበቱ እንደ ልጅ ተንተባተበ። «አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ቤት ነበርሽ። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመቴ። ኮታቸውን ያዝልኝ ብለው ሰጥተውኝ… ቆመጡ ሲነሣ አየሁ። እናም ሮጥኩ። ትቻቸው ሮጥኩ! ቤት ስደርስ ለእማዬ ‹በሰው መሃል ተጠፋፋን› አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት የምፈልገው ያን ሰውዬ ይመስለኝ ነበር፤ እኔኑ ነበር የምፈልገው።»

መሬት ላይ ተዘፍዝፎ ሲንሰቀሰቅ መምህርቷ የቱን እንደምትይዝ ጠፋት። በአንድ ክንዷ የወንድሟን ጭንቅላት ወደ ደረቷ ሳበች፤ በሌላው የጠጋኙን ትከሻ። አንዱ በሌላው ላይ ያፈሰሰው ደም በቀሚሷ ላይ ተደባለቀ። ሁለቱንም እኩል መውደዷ የሆነ ቦታ ውስጧን እንደ አዲስ ቁስል አቃጠላት።

*

ወንድሟ ራሱ በጋራዡ መኪና ሁለቱን ሆስፒታል ወሰዳቸው። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ግን፣ ኋላ ያለው እጅ እንዳይነቃነቅ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ይል ነበር። ከዚያ ሽማግሌውን ለመጠበቅ ተመለሰ። ማን እንደሚጠብቃቸው ሲነሣ፣ «እኔ» ያለው እሱው ነው።

ሐኪሟ የእጁን የራጅ ፎቶ ወደ መብራቱ አቅንታ አየችው። ሦስት ጣቱ አምስት ቦታ ተሰብሯል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። «መዶሻ ዳግም ይይዛል ወይ?» ስትባል «እሱን ጊዜ ነው የሚያውቀው» ብላ ሄደች።

ሁለቱ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ቀሩ፤ የሱ ከንፈር ተሰፍቶ፣ የሷ አብጦ።

«እጅህን ለምን ሰጠህ?» አለችው። «እንጀራህ ነው እኮ!»

«የአባቴ እጅ ጥፋተኛ ነው። አውቃለሁ። ግን ደግሞ በዚያው እጅ ነው ጎርሼ ያደግኩት። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትለያለሽ?»

የታሰረውን እጁን አየች። «ደብዳቤህ ዛሬ ነው የደረሰኝ» አለች። «ከመታሁህ በኋላ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። በጤነኛው ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። «እና አላወቅሽም ነበር? ፎቶው… ለኔ አልነበረም?»

«ለልጆቹ ነበር። ነገ እመለስላቸዋለሁ፤ የቀረውን እነግራቸዋለሁ። የመታሁህንም ጨምሬ። ይቅርታም እጠይቃቸዋለሁ፤ አንተን ግን በምን አፌ እንደምጠይቅህ አላውቅም።»

«በዚሁ ባበጠው» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ስፌቱ ያዘው። «መምህርት… ትተሽኝ መሄድ ትችያለሽ። አልቀየምሽም።»

«መሄድ ብችልማ ኖሮ አንድ ጫማዬን መንገድ ላይ ጥዬ እመጣ ነበር?»

ያን ጊዜ፣ ከወንድሟ ሰምተው የመጡት እናቷ በመተላለፊያው ጫፍ ታዩ። ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናንበው፣ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል እርምጃ እየተራመዱ። መምህርቷ ወደ ወንበሩ ጫፍ ፈቀቅ አለች። ጠጋኙ ግድግዳውን ይዞ ሊነሣ ታገለ።

«ተቀመጥ» አሉት። ፊቱን ለረጅም ጊዜ መረመሩት፤ ጆሮዎቹን፣ የተሰፋውን ከንፈሩን፣ የታሰረውን እጁን። «የሱ ልጅ አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ባሌ ያን ጊዜ አርባ ቀን ተኝቷል። እኔ አልጋው ሥር ነበርኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ሰው ቤት አንድ ሰው የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሚስቱ ትሁን፣ እናቱ ትሁን፤ ብቻ አንድ ሰው። ብትመጣ ምን እንደምላት ሁሉ አስቤ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም።»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። እንባው በተሰፋው ከንፈሩ ላይ ወረደ። ከወንበሩ ተንሸራትቶ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል በትከሻው ያዙት።

«ይቅር በሉን፣ እማማ። ስለ አባቴ ብዬ እጠይቅዎታለሁ።»

«እሱን ዛሬ አትጠይቀኝ» አሉ። «መልሱን እኔም አላገኘሁትም። ዛሬ እኔ ነኝ ልጠይቅህ የመጣሁት። የሰበረህ የኔ ልጅ ነው፤ ከኔ ቤትስ ሰው ሳይመጣ መቅረት የለበትም።»

ይህን ብለው ከጎኑ፣ ጤነኛው እጁ ባለበት በኩል፣ ተቀመጡ። አልነኩትም። ግን አልተነሡም።

መምህርቷ ከማዶው ጫፍ እናቷን አየች፤ ቀጥ ብለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ የማያውቁት ሰው ልጅ አጠገብ ስቃዩን አብረው ሲካፈሉ። ይቅርታ አልነበረም፤ ቡራኬም አልነበረም። ሆኖም ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ተጨብጦ የነበረው ቡጢ ቀስ እያለ ጣቱን ፈታ፤ እሷም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ከአባቷ ሞት ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ለቅሶ አለቀሰች። ሐዘን ይሁን ፍቅር ለመለየት አልሞከረችም።